ለሐኪም የተሰናዳ ቤት

ጽጌረዳ ሥራዋ የሰው አሮጊት መጠበቅ ነው። ሮም ውስጥ እንደሷ ያለውን ሰው «ባዳንቴ» ይሉታል። ፕራቲ ሰፈር የሚኖሩ ሲኞራ ኢሬኔ የሚባሉ የዘጠና ዓመት ባልቴት መንከባከብ ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሲኞራዋ አንድም ቀን መድኃኒት ተዛብቶባቸው አያውቅም። የመድኃኒቱ ስም፣ ሰዓቱና መጠኑ በፍሪጁ በር ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ሐኪማቸው በየወሩ ቤት ድረስ ሲመጡ ጽጌረዳ በሩ ላይ ትቀበላቸውና፣ «ዶቶሬ፣ ማክሰኞ ለት ሁለቴ አዙሯቸዋል፤ ሐሙስ ምሳ አልበሉም፤ ግራ ጭናቸው ላይ ይቺን የምታህል ሰንበር አለች» እያለች ሳታፍር ትዘረዝራለች። ሲኞራዋም አይለግሙም። ሐኪሙ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው የሚያማቸውን ይቆጥራሉ። የሚዘሉት ጥርሳቸውን ብቻ ነው፤ እሱም ተነቃይ ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ሲወጡ ሁልጊዜ ጽጌረዳን «ብራቫ!» ይሏታል።

እንግዲህ ይህችው ጽጌረዳ ናት ለገዛ አክስቷ ሐኪም በመጣ ዕለት ያንን ጉድ የሠራችው። ሞኝ ሆና እንዳይመስላችሁ። እኛ ሁላችን የምናደርገውን ነው ያደረገችው፤ ለዚህም ነው ነገሩን መናገር ያስፈለገው።

አክስቷ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሰማንያ አንደኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ሮም የገቡት በስድሳ ሰባት ዓ.ም. አዲስ አበባ ይኖር የነበረን አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ተከትለው ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲወለውሉ፣ የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ኖረው፣ ጡረታቸውን ይዘው ፒኜቶ በሚባል የሮም ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከእህታቸው ልጅ ከጽጌረዳ ጋር ይኖራሉ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ደረጃው ሰባ ስምንት ነው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ለመጨረሻ ጊዜ የወረዱት ለጥምቀት ነበር፤ ሲመለሱ ጽጌረዳና ጎረቤታቸው አብረኸት ናቸው በየፎቁ እያሳረፉ ያወጧቸው። አሁን ሰኔ ገብቷል።

የቤተሰቡ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው ጽጌረዳ ብቻ ሆነች። እሷ ትሄዳለች፣ የመድኃኒት ማዘዣውን ታጽፋለች፣ ትመለሳለች። የድሮው ሐኪም ጡረታ ወጥተው ዶቶሬሳ ሲልቪያ የምትባል ወጣት ስትተካ ግን ይህ አሠራር አልቀጠለም።

«እኔ ዓይቼው ለማላውቀው ሰው እስከ መቼ መድኃኒት እጽፋለሁ?» አለች ዶክተሯ። «ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤታችሁ እመጣለሁ። የምሞላው ቅጽ አለ። አክስትሽ በእርግጥ መውረድ የማይችሉ ከሆነ እኔ በየወሩ፣ ነርስ ደግሞ በየሳምንቱ እንመጣላቸዋለን። የሚችሉ ከሆነ ግን እዚህ መምጣት አለባቸው። ተራ የሚጠብቁ ብዙ አቅመ ደካሞች አሉ።»

ጽጌረዳ ደስታዋን አልቻለችውም። አምስት ወር ሙሉ የተመኘችው ነገር ነው። ትራም ላይ ሆና ለአክስቷ ደወለችና «እትዬ፣ ዶክተሯ ልትመጣልን ነው!» አለቻቸው።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴም «መጋረጃው ይታጠብ» አሉ።

ማክሰኞ ቤቱ ተገለበጠ። መጋረጃው ታጠበ፣ መስኮቱ ተወለወለ፣ ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተደበደበ፤ ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ አቧራው ሾርባቸው ውስጥ ገባ ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዝዛሉ።

«አርባ ዓመት የነሱን ቤት ሳጸዳ ኖሬ፣ ዛሬ እነሱ የኔን ቆሻሻ ሊያዩ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«እትዬ፣ ዶክተር እኮ ናት፤ ሚዜ አይደለችም።»

«ዶክተርስ ብትሆን? በሬን አልፋ የገባች ሁሉ እንግዳ ናት።»

አብረኸትም ላዛኛዋን ይዛ ለማገዝ መጥታ ነበር። ላዛኛዋ በርበሬ ይገባበታል፤ በሰፈሩ ሐበሻ ዘንድ የታወቀ ነው። እሷም የአሮጊቷን ሐሳብ ደገፈች። «እውነታቸውን ነው ጽጌ። ገመናችንን ለሰው ማሳየት ምን ይሉታል? ነገ ወጥታ ‹ሐበሾች እንዲህ ናቸው› ትላለች።»

በዚህ ጊዜ ጽጌረዳ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። አላለችም። ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው፤ አንዴ ትከሻ ላይ ከወጣ የሚያወርደው የለም። አልጋው ሥር የሚቀመጠውን የሽንት ባልዲ አንስታ በረንዳ ላይ ደበቀችው። ምርኩዙን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሸጎጠችው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አክስቷ ተቀምጠው የሚታጠቡበትን የፕላስቲክ ወንበር አብረኸት ቤት ወሰደችው። መድኃኒቶቹ በአንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ክዳኑም ጠሟል፤ ለዓይን አያምርም። ወዲህ ብታደርገው ይታያል፣ ወዲያ ብታደርገው ይታያል፤ በመጨረሻ የምድጃው መጋገሪያ፣ ፎርኖው ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴን ገላቸውን አጠበቻቸው፣ ጥበብ ቀሚሳቸውን አለበሰቻቸው። ከአልጋው እስከ ሶፋው ስድስት እርምጃ ነው፤ ጽጌረዳና አብረኸት ግራና ቀኝ ደግፈው ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ትራስ ከኋላ፣ ትራስ ከጎን ተደረገላቸው። አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲጮኽ ወይዘሮዋ ሶፋቸው ላይ ሆነው ለልጃቸው ሠርግ እንግዳ የሚቀበሉ እመቤት መስለው ነበር።

ዶክተሯ ሰባ ስምንቱን ደረጃ ወጥታ ስትገባ ፊቷ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምነው ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በጣሊያንኛ። «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። እንዲህ የሚያስተነፍስሽ ጤና ነው? ልብሽን ታይተሻል?»

«ደህና ነኝ ሲኞራ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! በጣም ደህና። እናትሽስ ደህና ናቸው? አባትሽስ? ባል አግብተሻል?»

ዶክተሯ ባል አላገባችም። ወይዘሮዋ በዚህ በጣም አዘኑ፤ ሐዘናቸው አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ቅጹ የወጣው።

«ደረጃ መውረድ ይችላሉ?»

«እንዴታ!» አሉ። ውሸት አልተናገሩም፤ ወርደው ያውቃሉ። መቼ እንደሆነ አልተጠየቁም።

«ለብቻዎ ይታጠባሉ?»

«ታዲያ ማን ሊያጥበኝ ኖሯል? ሕፃን ነኝ?»

ከሁለት ሰዓት በፊት አክስቷን ያጠበችው ጽጌረዳ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«በቅርቡ ወድቀው ያውቃሉ?»

«ጠላቴ ይውደቅ!» አሉ በአማርኛ።

«አልወደቁም» ብላ ጽጌረዳ ተረጎመች። አክስቷ ወድቀው እንደነበር ታውቃለችና ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች፤ ግን አክስቷ በኩራት ፈገግ ብለው ሲያዩዋት መመለሻ አጣች።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች ዶክተሯ እየጻፈች። «መድኃኒቶቻቸውን ላያቸው እችላለሁ?»

ልክ በዚህ ጊዜ ሽታው መጣ። አብረኸት ላዛኛውን ለማሞቅ ፎርኖው አስቀድሞ ይጋል ብላ፣ ውስጡን ሳታይ ለኩሳው ኖሯል። የላስቲክ ጭስ በማድ ቤቱ በር ሥር እየተሳበ ወጣ።

«የሚቃጠል ነገር አለ?» አለች ዶክተሯ።

«የጎረቤት ነው» አሉ አክስትና የእህት ልጅ በአንድ ድምፅ። ጎረቤታቸው አብረኸት ከማድ ቤት ስታስል ተሰማች።

መድኃኒቶቹ «አልቀው ሊገዙ ነው» ተባለ። ዶክተሯ ያልሞቀ ላዛኛ በላች፤ በበርበሬው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያልበላችው በሣህን ተሸፍኖ በከረጢት ተሰጣት። ስትሄድ ሦስት ጊዜ ተሳመች። በሩ እንደተዘጋ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ትራሳቸው ላይ ወደቁና፣ «ነፍሴ ልትወጣ ነው፤ ውሰዱኝ ወደ አልጋዬ» አሉ።

በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ቋንቋው የመሥሪያ ቤት ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነበር፦ «ወይዘሮዋ ራሳቸውን የቻሉና በጥሩ ጤንነት ላይ የሚገኙ በመሆናቸው የቤት ለቤት ሕክምና አያስፈልጋቸውም።»

ጽጌረዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በገዛ እጇ ያመጣችው ነው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ግን ደብዳቤውን በፍሬም አስገብተው ከሥዕለ ማርያም ጎን አሰቀሉት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ላላት ወዳጃቸው፣ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቻቸው ሁሉ ስልክ እየደወሉ አነበቡላቸው። «ማኅተም አለው» ይላሉ በመጨረሻ። «ራሷን የቻለች ነው የሚለኝ፤ መንግሥት ነው ያለው።»

ወረቀት ግን ደረጃ አያወርድም። የደም ግፊቱ መድኃኒት ከቆርቆሮው ጋር ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። ሌላ ለማጻፍ ዶክተሯ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ዶክተሯ ደግሞ «የበፊቱ የት ሄደ?» ማለቷ አይቀርም። ጽጌረዳ «ፎርኖ ውስጥ ጠበስኩት» ብላ መናገሩን ስታስበው ፊቷ ይቀላል። ዛሬ ነገ ስትል አብረኸት ከራሷ መድኃኒት ከፍላ ሰጠቻት።

«የኔን ውሰጂላቸው። ግፊት እንደሆነ ግፊት ነው፤ ያው ነው።»

ወይ ደግነት! እኛ ሰዎች መድኃኒትን እንደ ሽሮ በስኒ የምንበዳደር ነን። ያው አልነበረም፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ታየ።

አንድ ማክሰኞ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ አንድ ሰዓት ላይ ጽጌረዳ ከሥራ ገባች። ጠርታ መልስ አጣች። ሮጣ ብትገባ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አልጋው ሥር መሬት ላይ፣ አንድ እግራቸው ታጥፎ፣ ነጠላቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ተዘርግተዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«እትዬ! ወደቁ?»

«አልወደቅሁም» አሉ ከመሬት ላይ። «ሞቆኝ ነው፤ ወለሉ ቀዝቀዝ ይላል።»

ጽጌረዳ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ያዛት። አንገታቸውን ደግፋ ትራስ አደረገችላቸው፤ እጃቸውን እግራቸውን ዳሰሰች፤ የተሰበረ የለም። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ለማን ልትደውዪ ነው?»

«ለዶክተሯ።»

«እንዳታደርጊው! ወረቀቱ ምን ይላል? ራሷን የቻለች ይላል!»

«ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ እርስዎ ወለል ላይ ነዎት!» አለች ጽጌረዳ። በዕድሜዋ ሙሉ አክስቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ዶክተሯ በስልክ ሁሉን ጠየቀች፤ ራሳቸውን መትቷቸው እንደሆነ፣ በደንብ ይናገሩ እንደሆነ። «አታንቀሳቅሻቸው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ፤ ነገር ከከፋ አምቡላንስ ጥሪ» አለች።

ግማሽ ሰዓት! ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ወለል ላይ ሆነው ማዘዝ ጀመሩ። «ጥበብ ቀሚሴን አምጪ። ባልዲውን አውጪው። ሣህኖቹ አልታጠቡም፣ ወይኔ! ያንን ምርኩዝ ከፊቴ አንሺ!»

የልማድ ነገር ሆነና ጽጌረዳ ባልዲውን አነሳችው። እስከ በረንዳው በር ወሰደችው። እዚያ ቆመች። ሲኞራ ኢሬኔ ቤት ሐኪሙ ሲመጡ ባልዲ ደብቃ ታውቃለች? አታውቅም። እዚያ ክዳኑን ከፍታ፣ «ቀለሙን ይዩት ዶቶሬ» ነው የምትለው። ተመልሳ ባልዲውን ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

«አይወጣም፤ ቤቱም እንዳለ ይታያል» አለች።

«ልታዋርጂኝ ነው?»

«እትዬ፣ ንስሐ አባትዎ ሲመጡ ኃጢአትዎን ይደብቃሉ?»

«ለሳቸውማ ያልሠራሁትንም እጨምራለሁ!» አሉ ወይዘሮዋ ተቆጥተው። «ካልነገርኳቸው እንዴት አድርገው ይፈቱኛል?»

«ታዲያ ሐኪሟስ ካልነገሯት እንዴት አድርጋ ታድንዎታለች?»

«እንግዲያው ነጠላዬን እንኳ አስተካክዪልኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ።

ዶክተሯ ስትገባ ልብስ ወንበር ላይ ተዘርሯል፣ ያልታጠበ ሣህን ተከምሯል፣ ባልዲው አልጋው ሥር ነው። አሮጊቷን ከጽጌረዳ ጋር ሆና በዝግታ አልጋው ላይ አወጣቻቸው። ግፊታቸውን ለካች፤ ቀና አድርጋ ደግማ ለካች፤ ወርዶ ነበር። ዙሪያዋን አየችና፣ «ይህ ባልዲ፣ ይህ ምርኩዝ፣ ባለፈው የት ነበሩ?» ብላ ጠየቀች።

ጽጌረዳ ተናዘዘች። በረንዳውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ፎርኖውን፣ የአብረኸትን መድኃኒት፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«የጎረቤት ነው ብላችሁኝ ነበር» አለች ዶክተሯ። ትንሽ ሳቀች፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ስታነበው ግን ሳቋ ጠፋ። «ይህ ከሳቸው መድኃኒት በእጥፍ የበረታ ነው። ሌላ ሳምንት ቢጨመርበት ዛሬ የምንነጋገረው እዚህ ላይሆን ይችል ነበር።»

ከዚያም የአሮጊቷን የእጅ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተጨማደደ ቆየ። ምላሳቸውን አየች።

«ሲኞራ፣ ቀን ቀን ውሃ ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጠጣለሁ።»

ዶክተሯ አልጻፈችም። ብዕሯን አስቀምጣ ጠበቀች። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ጽጌረዳን አዩ።

«እግዚአብሔርስ ይመስገን» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን አልጠጣም።»

«ለምን?»

ለዚህኛው ጥያቄ ወደ ጽጌረዳ ዞረው በአማርኛ መለሱ። «አንቺ ጠዋት ከወጣሽ እስክትመጪ አንድ ጭላጭ አልቀምስም። ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል። ብቻዬን ባልዲው ላይ መቀመጥ ካቃተኝ ወር አልፎኛል። አልጋው ከራሰ ደግሞ ያው አንቺ ነሽ የምታጥቢው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስታጥቢ ውለሽ፣ የኔን ደግሞ እንዴት እጠቢ ልበል? ዛሬ ጥሙ ሲጠናብኝ ነው ልነሳ ብዬ የወደቅሁት።»

ጽጌረዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ለሲኞራ ኢሬኔ በየሁለት ሰዓቱ፣ ስልኳ እያስታወሳት፣ ውሃ በብርጭቆ ታቀርባለች። የገዛ አክስቷ ግን እሷን ላለማድከም ሲሉ ከጠዋት እስከ ማታ ተጠምተው ይውላሉ። እሷ አክስቷን ከሐኪም ደበቀች፤ አክስቷ ደግሞ ራሳቸውን ከሷ ደበቁ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ያለ ይሉኝታ፣ ሐኪም ፊት፣ ባልታጠበ ሣህን መካከል አለቀሰች።

«አይዞሽ፣ አይሞቱም፤ ውሃ ነው የሚያስፈልጋቸው» አለች ዶክተሯ ነገሩን ከሁኔታቸው ተረድታ።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በዚያ ምሽት አራት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። አዲስ ቅጽ ተሞላ። «ደረጃ መውረድ ይችላሉ?» ሲባሉ፣ «አልችልም።» «ለብቻዎ ይታጠባሉ?» ሲባሉ፣ «አልችልም።» የመጀመሪያዋ «አልችልም» እንደ ኮሶ መረረቻቸው፤ ሁለተኛዋ ቀለለች፤ ከአምስተኛዋ በኋላ ግን ማን ያቁማቸው! ዶክተሯ ቅጹን ጨርሳ ቦርሳዋን ከዘጋች በኋላም ስለ ቀኝ ጉልበታቸው፣ ስለ ጆሯቸው፣ በሰባ አምስት ዓ.ም. ስለያዛቸው ሳል ተረኩላት።

አሁን ነርስ በየሳምንቱ፣ ዶክተሯ በየወሩ ትመጣለች። ከአልጋው ጎን የሚቀመጥ መጸዳጃ ያለው ወንበርም መጥቶላቸዋል፤ ቀን ቀን ደግሞ አብረኸት ሁለት ጊዜ ብቅ ትልና ታስቀምጣቸዋለች። መድኃኒት ማበደሩን ትታለች።

አንባቢ ሆይ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አባባል ሁላችን ከእናታችን ሰምተነዋል፤ ለሌላውም እንናገረዋለን። ሐኪም ደጃችንን ሲያንኳኳ ግን መጥረጊያ እናነሳለን። ለእንግዳ ቤት ይጸዳል፤ ያምራል፤ አባቶቻችን ያወረሱን ደግ ሥርዓት ነው። ሐኪም ግን ደረጃ የሚወጣው ሌላ ቦታ የማያየውን ሊያይ ነው፤ ባልዲውን፣ ምርኩዙን፣ የዛገውን ቆርቆሮ። እነዚያን ከደበቅንበት ምን አይቶ ይሂድ? አረጋውያኖቻችን «ደህና ነኝ» ሲሉ ስለ ጤናቸው እየነገሩን ላይሆን ይችላል፤ «አላስቸግራችሁ» እያሉን ይሆናል። ደግማችሁ ጠይቋቸው።

ባለፈው እሑድ ጽጌረዳ የአክስቷን ትራስ ልታስተካክል ጎንበስ ብላ ስትቃና ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ እጇን ያዝ አደረጓት።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

አሮጊቷ እጇን አልለቀቁም። ልክ እንደ ዶክተሯ፣ ምንም ሳይናገሩ ጠበቁ።

«ወገቤን» አለች ጽጌረዳ በመጨረሻ። «ወገቤን በጣም ያመኛል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ነገ ትሄጃለሽ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ። «ለዶቶሬሳዋም ሁሉንም ትነግሪያታለሽ። እደውልና አጣራለሁ።»